የማይታወቀውን ማሳየት

የሳይንስ ልብ ወለድ በመጽሐፍ ይሻላል ወይስ በፊልም? ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አልከራከርም፤ የሰው አእምሮ ሊደርስበት ስለማይችለው ነገር ሲሆን ግን መጽሐፉን እመርጣለሁ። ፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ሌም በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሶላሪስ» ውስጥ አንዲት ፕላኔትን የሸፈነ፣ የሚያስብ የሚመስል ውቅያኖስ አለ። ሊቃውንት ለትውልዶች መርምረውታል፤ ስም አውጥተውለታል፣ መላምት ደርድረዋል፣ እርስ በርስ ተሟግተዋል፤ ምንነቱን ግን አላወቁም። ሌም ይህን የከሸፈ ምርምር ገጽ በገጽ ስለሚተርክልን አለማወቃችን ራሱ ክብደት ያገኛል። አንድሬይ ታርኮቭስኪ በ1972 ፊልም ሲያደርገው ካሜራው ወደ ሰው ፊት፣ ወደ ጸጸትና ወደ ቤት ናፍቆት ዞረ። እጅግ ውብ ፊልም ነው፤ ሌም ግን አልወደደውም፤ ቅሬታውም ይገባኛል። ውቅያኖሱ የሰው ሐዘን ማጀቢያ ሆኖ ቀርቷልና።

«የስታንሊ ኩብሪክ የ1968ቱ ፊልምስ?» የሚል ይኖራል። ጠንካራ ሙግት ነው። አርተር ክላርክ በዚያው ታሪክ መጽሐፉ የሚያብራራውን ኩብሪክ በዝምታ አልፎታል፤ ከሌላ ዓለም የመጡትን ፍጡራንም ከቶ አላሳየም፤ በዚህ ረገድ ፊልሙ ከመጽሐፉ ይልቃል። ነገር ግን የተሳካለት ምስሉን በመከልከል ነው፤ ዝም ካለ በኋላ ስለ እነዚያ ፍጡራን የሚሟገትበት መንገድ አልቀረለትም። ሌም ግን ውቅያኖሱን ምስጢር እንደሆነ ትቶ፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ክርክር ያስነብበናል።