ተማሪ፤ ዳኛ ወይስ ምስክር?

በብዙ የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲቃረብ ለተማሪው አንድ ቅጽ ይቀርብለታል። መምህሩ በግልጽ ያስረዳልን? ሰዓት ያከብራልን? እያለ ይጠይቃል። ተማሪውም ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን መርጦ ይመልሳል። ነገሩ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል። ሆኖም ከበስተጀርባው ከባድ ጥያቄ አለ፤ የማያውቀውን ሊማር የመጣ ሰው፣ የሚያስተምረውን መመዘን ይችላልን? ቢችልስ ይገባዋልን?

አይገባውም የሚሉት ወገኖች ክርክር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። ጥናቱ በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ከ10,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን የተከታተለ ነው። በዚያ ተማሪ መምህሩን አይመርጥም፤ ይመደብለታል። ፈተናውም ለሁሉም አንድ ነው። የመጀመሪያውን ካልኩለስ ልምዳቸው አነስተኛ ከሆነ መምህራን የተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ መምህራኖቻቸውንም አሞገሱ። በካልኩለስ ላይ ወደሚገነቡት ቀጣይ ትምህርቶች ሲሻገሩ ግን፣ ብዙ ካልተሞገሱት አንጋፋ መምህራን የተማሩት በለጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ራሳቸው እየታገሉ እንዲማሩ የተደረጉት የበለጠ ዐወቁ፤ ነገር ግን ያወቁት ያነሰ መስሎ ተሰማቸው።

እንግዲያስ ቅጹ ይቀደድ? ይህ ጸሐፊ እንዲህ አይልም። ስሕተቱ ተማሪውን መጠየቁ ላይ ሳይሆን በዳኛ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ላይ ነው። ተማሪ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ፍርድ አይሰጥም፤ ያየውን ይናገራል። የቢምን መጉበጥ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ነገሩ ያልገባው ሰው በየት በኩል እንደሚደናቀፍ ረስቶታል። ያን የሚያውቀው ተማሪው ነው። የላቦራቶሪው መሣሪያ ተበላሽቶ ሙከራው በሰሌዳ ላይ ብቻ መሠራቱንም የሚያውቀው እርሱ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ሰምቶ ያርማል። ትምህርቴን ወደድህልኝ ወይ ብሎ አይጠይቀውም። ጉድለቱን ግን በዕለቱ ያውቃል።

የእኛ ቅጽ ይህን የዕለት እርማት አያውቅም። የሚመጣው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ የመሰከረው ተማሪ ከምስክርነቱ አይጠቀምም። በሴሚስተሩ አጋማሽ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ያልገባህ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ «ይህን አስተካክያለሁ፤ ያኛውን ግን በዚህ ምክንያት አልለውጥም» ማለት። ምስክር ጠርቶ ቃሉን ሳይመረምሩ ማሰናበት ሰውን መናቅ ነውና።

ፍርሃትም አለ፤ በሁለቱም ወገን። ተማሪው የእጅ ጽሑፌ ይታወቃል ብሎ ይሰጋል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ቢያውቅም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለው ይበረታበታል። መምህሩ በበኩሉ ዕድገቱ በዚያ ቁጥር ላይ ከተንጠለጠለ ፈተናውን ያቀልላል፣ ማርኩን ይለግሳል። ያን ጊዜ ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ።

የተጎዳው ሦስተኛው ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ተማሪ ባሰላው ድልድይ ላይ በሌሊት አውቶቡስ የሚሻገር፣ በነደፈው ፎቅ ውስጥ ልጆቹን የሚያስተኛ ሰው አለ። ለእርሱ ቅጽ አይታደለውም። መምህርና ተማሪ ስለ ትምህርቱ እውነቱን መነጋገር ያለባቸው ከሁሉ በፊት ስለዚህ ሰው ነው።