ካምቢዮ ለመክፈት አትቸኩሉ

«ማርሽ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ሞተሩን ወዲያው አስተኝታችሁ መፍታት የምትጀምሩ ልጆች አላችሁ። ተዉ፤ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተመልከቱ። አሮጌ ሞተር ማርሽ አልቀበል ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከካምቢዮው ውጭ ነው። ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚሄድ መካኒክ አብዛኛውን ሥራ ካርተሩን ሳይከፍት ይጨርሰዋል። ከውስጥ የሚጀምር ግን ደኅናውንም ያበላሸዋል፤ ለጠፋ ሮንዴላና ለተቀደደ ጓርኒሲዮንም ከመራዊ ባሕር ዳር፣ ካልተገኘም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ይልካል።

በእኛ አካባቢ አሮጌ ሞተር ሲባል ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ያማሃ ዲቲና ኤጂ ነው። ገጠር ለገጠር ለሚዞሩ የግብርናና የጤና ሠራተኞች የመጡ፣ ኋላ በጨረታ ወጥተው ከነጋዴውና ከገበሬው እጅ የገቡ ናቸው። አልፎ አልፎ ሆንዳ ኤክስኤልም ይገኛል። አንድ ሠራተኛ ከነቦርሳው እንዲሸከም የታሰበው ሞተር ዛሬ ወደ 7,000 ሄክታር ከሚያጠጣው ከቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ጭኖ፣ ከኋላ ሰው ጨምሮ ጭቃ ይወጣል። እንዲህ የሚሠራ ብረት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ቢሆንም ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው እርጅና ሳይሆን መዶሻ ነው።

አሠራሩን ሳታውቁ አትንኩት። በእነዚህ ሞተሮች ካምቢዮ ውስጥ ጥርሶቹ ምንጊዜም እንደተናከሱ ናቸው። ማርሽ ስትቀይሩ የሚለወጠው የትኛው ጥርስ ከዘንጉ ጋር ታስሮ እንደሚዞር ብቻ ነው። እግራችሁ ፔዳሉን ሲጫን ሞተሩን አቋርጦ የሚያልፈው ዘንግ ይዞራል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው ጥፍር ከበሮ መሰሉን ብረት አንድ እርምጃ ያዞረዋል፤ በከበሮው ቦይ ውስጥ የሚሄዱት ሹካዎች ደግሞ አንዱን ጥርስ ወደ ጎን ገፍተው ከጎረቤቱ ጋር ያጣብቁታል። በጥርሱ ጎን ጉጦች አሉ፤ ጉጡ ከጎረቤቱ ቀዳዳ ሲገባ፣ እንደ በር መወርወሪያ፣ ማርሹ ያዘ ማለት ነው። የፔዳሉን መመለስና አንድ አንድ እርምጃ መሄድ የእንግሊዙ ቬሎሴት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በውድድር ሞተሮቹ አሳይቶ ዓለም ተቀበለው። ዛሬ የምታዩት የቻይናም የሕንድም ሞተር በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በዲቲ የተማራችሁት ነገ በሌላውም ያገለግላችኋል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሞተሩን አጥፉና የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ በማቆሚያው አቁሙት። በአንድ እጃችሁ ጎማውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ በሌላው እጃችሁ ፔዳሉን ከአንደኛ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማርሽ አስኪዱት፤ ከዚያ መልሱት። ጎማውን ሳታወዛውዙ ብትሞክሩ ጉጥ ከጉጥ ፊት ለፊት ይገጥምና ደኅናው ካምቢዮ የታመመ ይመስላችኋል። እያወዛወዛችሁ ሁሉም ከገባ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን እምቢ ካለ፣ ካምቢዮው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ፍሪሲዮኑ ነው። ጠፍቶም ካልገባ ከፔዳሉ እስከ ሹካው ያለውን መንገድ ትፈትሻላችሁ። ይህን ሳያደርግ ቁልፍ የሚያነሳን ልጅ እኔ መካኒክ አልለውም።

ባለቤቱን መጠየቅም አትርሱ፤ በተለይ በቅርቡ ሞተር ቀይሮ እንደሆነ። በዲቲ አንደኛው ወደ ታች ነው፣ የቀሩት ወደ ላይ። በአንዳንድ የሕንድ ሞተሮች ግን ማርሹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይረገጣል። ከእነዚያ ወርዶ ዲቲ ላይ የወጣ ሰው ሦስተኛ አስገባሁ ብሎ አንደኛ ይረግጥና ሞተሩን ይከሳል። እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒቱ አንድ ዙር አብሮት መንዳት ነው፤ ገንዘብም አትቀበሉት።

ከፔዳሉ ጀምሩ። ሞተር በግራ ጎኑ ሲወድቅ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ካርተሩን መታከክ ይጀምራል፤ ወደ ታች ይሄዳል፣ አይመለስም። አውልቃችሁ ውጭ አቅኑት። በቦታው እንዳለ በብረት ቱቦ የሚያቀና አለ፤ ፔዳሉን አዳነ፣ ዘንጉን ግን አጎበጠው። ሁለተኛው ችግር ፔዳሉና ዘንጉ የሚገጥሙበት ጥርስ መበላቱ ነው። የማጥበቂያው ቡሎን ሲላላ ቶሎ ካላጠበቃችሁት የፔዳሉ ጥርስ ይፈጫል። ያኔ ፔዳል ይገዛል። በየመንገዱ የማየው ግን ብየዳ ነው፤ ፔዳሉን ከዘንጉ ጋር ይበይዱታል። የብየዳው ሙቀት ዘይት የሚከለክለውን ጎማ ያቃጥለዋል፤ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ነገ ዘንጉን ማውጣት ያስፈለገው መካኒክም መጋዝ ያነሳል። የአንድ ቀን መፍትሔ ነው ብላችሁ እንኳ እንዳትሞክሩት።

ቀጥሎ የፍሪሲዮኑ ገመድ ነው። እጀታው ሥሩ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል በነፃ መወዛወዝ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ብትጨብጡትም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሹ እየተንገጫገጨ ይገባል፣ ቆማችሁ ዜሮ ማርሽ ብትፈልጉ አታገኙትም። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ በከፊል የተለቀቀ ነውና ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የመራዊ ቀይ አፈር ክረምት ከገመዱ ሽፋን ውስጥ ይገባና በጋ ይደርቃል። ገመዱን ከላይ ፈትታችሁ ዘይት እያንጠባጠባችሁ አሳልፉለት። ጫፉ ላይ ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ይቀየር፤ ገመድ ርካሽ ነው፣ የሚበጠሰው ግን ቡሬ ገበያ መሐል ወይም ዳገት ላይ ነው።

ዘይቱ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና። ዲቲና ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናቸው። ባለቤቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለውን ዘይት ያውቃል፣ ይሞላል። ካምቢዮው የራሱ ሌላ ዘይት እንዳለው ግን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ለዓመታት ያልተለወጠ፣ ከመጠኑ የጎደለ፣ የጠቆረ ዘይት ስታወርዱ አትደነቁ። ኤጂ 200 ፎር ስትሮክ ስለሆነ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። በሁለቱም ዓይነት ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም የመኪና ዘይት አይሆንም። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የሚያንሸራትት ቅመም ይጨመርበታል፤ ለፍሪሲዮን መርዝ ነው። የጃፓን የዘይት መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማውን ዘይት «ጃሶ ኤምኤ» ይለዋል፤ ጠርሙሱ ላይ ያንን ፈልጉ። ወፍራም ዘይትም አትውደዱ። እንጅባራና ዳንግላ በማለዳ ብርድ ወፍራም ዘይት ዲስኮቹን ያጣብቃቸዋል፤ አንደኛ ስታስገቡ ሞተሩ ዘሎ ይጠፋል።

የወረደውን ዘይት ሳታዩ አትድፉት። በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት የሚለሰልስ ግራጫ ደቃቅ ብረት የተለመደ መበላት ነው። ማዕዘን ያለው የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ከጉጡ ወይም ከጥርሱ ተገምሷል፤ ያኔ ውስጡን መክፈት ይገባል። ነጥቶ የወፈረ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ሲሻገር መተንፈሻው ሰምጦ ይሆናል፤ ባለቤቱን የት እንደተሻገረ ጠይቁት። በቱ ስትሮክ ሞተር አንድ ሌላ ምልክት አለ። የካምቢዮው ዘይት ውጭ ሳይፈስ እየጎደለ ጭሱ ከነጣ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ተበልቶ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበ እያቃጠለው ነው። ዘይት መጨመር ብቻውን አያድነውም።

ገመዱም ዘይቱም ተስተካክሎ ፍሪሲዮኑ አሁንም አልለቅ ካለ የቀኙ ክዳን ይነሳል። የብረት ዲስኮቹን አንድ በአንድ መስታወት ላይ አስተኙ፤ ጎብጦ የሚወዛወዝ ይጣላል። ዲስኮቹ የሚቀመጡበትን ቅርጫት ጣቶች በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ዲስኩ እየመታ የቆፈረው ጉድጓድ ካለ ዲስኩ እዚያ ይያዝና አይለይም። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ በሞረድ ሁሉንም እኩል አድርጋችሁ አለስልሱ፤ ከሆነ ቅርጫቱ ይቀየር። የመሐሉን ዳዶ በመሮ እየመታ የሚፈታ አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው የእኔን ሞተር አይንካ።

ፍሪሲዮኑ ከወጣ በኋላ በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች የማርሹ ማዞሪያ ከፊታችሁ ነው፤ ካርተሩ ገና አልተከፈተም። እዚህ ታገሡ። ፔዳሉ ተጭኖ የማይመለስ ከሆነ የመመለሻው ሞላ ተሰብሯል፣ ወይም ሞላው የሚደገፍበት ፒን ላልቷል። ወደ ላይ የሚገባ ወደ ታች ግን እምቢ የሚል፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ፣ ጥፍሩ ከመሐል ወጥቷል። በአንዳንድ አሮጌ ያማሃ ላይ መሐሉን የሚያስተካክል ቡሎን አለ፤ ጥፍሩ ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲርቅ ታዞሩታላችሁ፣ ያልቃል። በሁለት ማርሽ መሐል የሚቆም፣ ሐሰተኛ ዜሮ የሚሰጥ ከሆነ ከበሮውን በየቦታው የሚይዘው ባለ ጎማ ክንድና ሞላው ደክሟል። የዚህ ሁሉ ዋጋ የአንድ ሞላ ዋጋ ነው። ሞላ ስትነቅሉ ግን ጨርቅ አልብሱት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ከአፈር ላይ ሞላ ሲፈለግ ነው።

ካርተሩ መከፈት ያለበት ማርሹ ገብቶ ተመልሶ የሚወጣ ሲሆን ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ሁለተኛው ካመለጠ የጉጦቹ ማዕዘን ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ወይም ሹካው ጎብጧል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ናቸው፤ ጎባጣ ሹካ ጉጡን እስከ መጨረሻው ስለማያስገባው ጉጡ በጫፉ ብቻ እየያዘ ይበላል። ስለዚህ ጥርስ ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ሹካ የሚመልስ ሰው በቅርቡ ያንኑ ሞተር ዳግም ይፈታል። ጥርሱም በጥንዱ ይቀየር። በብየዳ ሞልቶ በሞረድ መቅረጽ ርካሽ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው አይቆይም። ካርተሩን አንዴ ከከፈታችሁ ኩሽኔታዎቹንና የዘይት ጎማዎቹን አብራችሁ ቀይሩ። ባለቤቱ ገንዘብ አልበቃኝም ካለ ሥራውን እስኪሞላለት አቆዩት እንጂ በግማሽ አትዝጉት። ሮንዴላዎቹን በወጡበት ተራ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድሩ። እኛ በወረቀት ነበር የምንስለው፤ እናንተ ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱ።

ይህን ሁሉ የሚያመጣው አነዳድ ነው። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው የሚነዱ አሉ፤ ሹካው ቀኑን ሙሉ ጥርሱን እየገፋ ይበላል። ፔዳሉን ቀስ ብሎ በግማሽ ልብ የሚነካም ጉጡን ያከብበዋል፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፣ በአንድ ቁርጥ ያለ እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ እግራችሁን አንሱ። ዜሮ ማርሽን ጎማው ፈጽሞ ሳይቆም ፈልጉት። ከቡሬ ወደ ነቀምት ስትሄዱ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቁልቁለት ዜሮ ላይ አድርጎ መንሸራተት ፍሬን ማቃጠል ነው፤ በማርሽ ውረዱ። ቱ ስትሮክ ከሆነ ግን በየመሐሉ ትንሽ ነዳጅ ስጡት፤ ነዳጁ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ስለሚቀንስ ፒስተኑ ይደርቃል።

ካቴናውን ረሳኸው እንዳትሉኝ። የጠበቀ ካቴና ማርሹን ያከብዳል፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታም ይበላል፤ ጭነት ተጭኖበት መሐሉ ላይ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር መወዛወዝ አለበት። የኤጂ ካቴና ሙሉ በሙሉ በክዳን ስለተሸፈነ ጭቃ አይነካውም፤ ስለማይታይ ግን ይረሳል። ክዳኑን አንሱና እዩት።

ሥራውን ስትጨርሱ የወጣውን ሞላ፣ ሹካና ጥርስ በፌስታል አድርጋችሁ ለባለቤቱ ስጡት፤ የከፈለበትን ይይ። ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዘይቱን እንዲያስለውጥ ተመልሶ ይምጣ። የወረደውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አጥልሉት፤ ስባሪ ከሌለበት ሞተሩን ጭነቱን ይዞ ሸኙት።