የሥዕሉ ውበትና የሰሌዳው ዕዳ

አንድ የኅትመት ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ተመልካቹ የሚጠይቀው ስለ መስመሩ፣ ስለ ጥላውና ስለ ቀለሙ ነው። ሰሌዳው በምን እንደ ተቀረጸ፣ ቀለሙ በምን እንደ ታጠበ፣ የታጠበበትም ፈሳሽ ወዴት እንደ ፈሰሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለመሆኑ ውበት ከተሠራበት ነገር ተለይቶ ሊመዘን ይችላልን? ወይስ ሥዕሉ የማያሳየው ጉዳት ከሥዕሉ ጋር አብሮ ሊቈጠር ይገባዋል?

ጥያቄው የሚነሣው ከሙያው አሠራር ነው። ሠዓሊው የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳውን አሲድ በማይበላው ሰም መሰል ነገር ይቀባዋል፤ በመርፌ ጭሮ ምስሉን ካወጣ በኋላ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ በልቶ ያጎደጉደዋል። ቀለም በጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀትም በማተሚያ መኪና ሲጫን ያንን ቀለም ይስባል። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ናይትሪክ አሲድ ብረቱን ሲበላ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ለማጽጃ የሚያገለግለው ተርፔንታይንም ይተንናል፤ በሞቃቱ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በጅቡቲ ከተማ ደግሞ ትነቱ ይፈጥናል።

ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ ይህን ጉዳት ለመቀነስ ብዙ ተደክሟል። በካናዳ ኪት ሃዋርድ፣ በስኮትላንድ ፍሪድሃርድ ኪኬበን በዚህ ረገድ ስማቸው ይነሣል። ኪኬበን ፌሪክ ክሎራይድን ከሲትሪክ አሲድ ጋር በማዋሐድ መዳብን ያለ ናይትሪክ አሲድ መቅረጽ የሚቻልበትን ዘዴ በኤድንብራ አስተዋውቋል። ሲትሪክ አሲድ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው። ለዚንክና ለአሉሚኒየም ደግሞ ኮፐር ሰልፌትና ተራ የገበታ ጨው ይበቃሉ። ቀለም በምግብ ዘይት ይጸዳል፤ የተጣለ የወተት ካርቶንም በመርፌ ተጭሮ ሰሌዳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለጅቡቲ ባዕድ አይደለም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ፣ የአፋር ግመለኞች ለዘመናት ወደ ደጋው ሲያጓጉዙት የኖሩት ጨው ምንጭ ነው። በወደቡ የሚራገፈውም ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ሲያልፍ ካርቶንና ቆርቆሮ ትቶ ያልፋል። የእጅ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ጥሬ ዕቃው በደጅ ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በኮፐር ሰልፌትና በጨው የተሠራው ፈሳሽ ጭስ ባያወጣም መዳቡ ለዓሣና ለሌሎች የውኃ ፍጥረታት መርዝ ነው። «ጨው እኮ ነው» ተብሎ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ቢደፋ፣ ከሠዓሊው ሳንባ የተነሣው ጉዳት ወደ ዓሣ አጥማጁ መረብ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ፈሳሹን በሶዳ አርግቶ፣ መዳቡን አጥልሎ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ስም ብቻውን ማንንም ነጻ አያወጣም፤ እርሳስም ከመሬት የወጣ ነው። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ምን ይባላል የሚለው ሳይሆን ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

አዲስ የሚባለውም ሁልጊዜ አዲስ አይደለም። ሠዓሊዎች የሚቀርጹት ሊኖሊየም በ19ኛው መቶ ዘመን ሲፈጠር ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት የተሠራ ነበር፤ የኅትመት ቀለምም የሚለወሰው በዚያው በተልባ ዘይት ነው። በአዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ያስተማረው የእንጨት ቅርጽ ኅትመትም እንጨት፣ ቢላዋና ቀለም እንጂ የአሲድ ገንዳ አይሻም። ከዚያም በፊት የቤተ ክህነት ጸሓፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከዕፀዋት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ ብራናው የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ጠይቋል፤ ጥንታዊነትም ብቻውን ንጽሕና አይደለም። ነገር ግን የአባ ገሪማ ወንጌላት ከ1,300 ዓመታት በላይ ቆይተዋል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይህን ያህል የሚኖር ነገር፣ ርካሽ ሆኖ በየዓመቱ ከሚጣለው ይልቅ ምድርን ይቈጥብ ይሆናል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ሁሉ ሞልቶለት ካርቶን የመረጠ ሠዓሊና ከካርቶን በቀር ምንም የሌለው ወጣት አንድ ዓይነት ሥዕል ሊያትሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው መርጧል፤ ምርጫውም ሊመሰገን ይገባዋል። ሁለተኛው ግን ገና ምርጫ አላገኘም። ችግሩን በጎ ምግባር ብሎ ማወደስ፣ ጓንትና አየር የሚገባበት ክፍል የማግኘት መብቱን በምስጋና መሸፈን ነው። የጨውና የካርቶን ጥበብ እውነተኛ የሚሆነው ለድኻው የቀረለት ትራፊ መሆኑ ቀርቶ፣ ባለጠጋውም ድኻውም እኩል የሚመርጡት ሲሆን ነው።

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ሥዕል የሚሣልበትንም፣ ትምህርትንም ይጠራል። ቀለም የገባው ሠዓሊ፣ እንግዲህ፣ ወረቀቱ ላይ ስላረፈው ብቻ ሳይሆን ከገንዳው ስለ ፈሰሰውም መልስ የሚሰጥ ነው።