ሳታመካኝ ብላኝ

ይህችን ተረት የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ጅብና አህያ ወንዝ ይወርዳሉ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ይጠጣሉ። አያ ጅቦ ቀና ይልና፣ "ውሃውን አታደፍርሺብኝ!" ይላል። አህያዋ ከታች ያለ ከላይ ላለው እንደማያደፈርስ ታውቃለች፤ ነገሩ የውሃ እንዳልሆነም ታውቃለች። "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ" ብላ ክርክሩን ታሳጥረዋለች።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ሥልጣንና ስለ ቋንቋ ለመነጋገር ይህችን ተረት ብዙ ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜም ከአህያዋ ወገን ነበሩ። አንድ ነገር ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ለመሆኑ ውሃው ደፍርሶ ነበር ወይ? ደፍርሶ ከነበረስ፣ ያደፈረሰው ራሱ አያ ጅቦ መሆኑን አህያዋ በምን ታስረዳለች? ዳኛ ቢገኝላት እንኳ ይዛው የምትቀርበው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ፣ ሪዮ ግራንዴ የሚባለው ወንዝ የአልበከርኪን ከተማ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የኢስሌታ ፑዌብሎ ሰዎች ምድር ይጀምራል። እነዚህ እኛ በካውቦይ ፊልም "ቀይ ሕንዶች" እያልን ካደግንባቸው ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። (ስሙን ያወጣላቸው መንገድ ስቶ ሕንድ የደረሰ የመሰለው ኮሎምበስ ነው። በባህር ላይ ስለተሰበሰበ የተሳሳተ መረጃ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይመጣል?)

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1987 ሲሻሻል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) መስፈርቱን ያሟሉ ጎሳዎች እንደ አንድ ክፍለ ግዛት ተቆጥረው በምድራቸው ለሚያልፈው ውሃ የጥራት ደረጃ እንዲያወጡ ፈቀደ። ኢስሌታዎች ዕድሉን ተጠቀሙበት፤ በ1992 ደረጃቸው ጸደቀ። ከግዛቲቱ ደረጃ የጠበቀ ነበር። ይህ ማለት እንግዲህ ከላይ ያለችው ትልቋ ከተማ ፍሳሿን ከታች ላለችው መንደር ስትል የበለጠ ማጣራት ሊኖርባት ነው። አልበከርኪ ደረጃውን ያጸደቀውን የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከሰሰች።

እኔን የሳበኝ የክርክሩ አንድ አንጓ ነው። ኢስሌታዎች ደረጃቸውን ሲያወጡ፣ ወንዙ ለሃይማኖታዊና ለባህላዊ ሥርዓት እንደሚያገለግል፣ ሰው እንደሚጠመቅበት፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ እንደሚጠጣው ጻፉ። ከተማይቱም "ይህማ መንግሥት ሃይማኖትን ማስፋፋቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል" አለች። ፍርድ ቤቱ በ1996 ክርክሩን ውድቅ አደረገው፤ በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ለማየት ፈቃደኛ ስላልሆነ ነገሩ በዚያው ጸና። ጥምቀት ሲመጣ ባህረ ጥምቀቱ ዳር ለቆመ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ፊቱን ታብሶ፣ በጀሪካን ይዞ ለሚመለስ ሰው የኢስሌታዎች ጭንቀት ማብራሪያ አይፈልግም። በእምነት የሚጠጣ ውሃ ከፍሳሽ እንዲጠበቅ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም፤ እንዲያውም ከእምነት የሚመጣ ጥያቄ ይመስለኛል።

አህያዋ ዳኛም፣ ሕግም አገኘች ማለት ነው። ይሁንና ደረጃ ብቻውን ወረቀት ነው። ደረጃው መከበሩን የሚያውቅ ወንዝ ዳር ወርዶ የሚለካ ሰው ነው። ዛሬ ለካሁ፣ የዛሬ ወርም እለካለሁ፣ የዛሬ ዓመትም በዚችው ድንጋይ አጠገብ ቆሜ እለካለሁ የሚል ሰው።

መለካት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጠርሙስ ሞልቶ ላቦራቶሪ መላክ። የአሜሪካው ኤጀንሲ በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ገንዘብ ከሚሰጣቸው ጎሳዎች የሚጠብቃቸው መረጃዎች የውሃው ሙቀት፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን፣ አሲድነቱ፣ ፎስፈረሱ፣ ናይትሮጅኑ፣ በወንዙ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ፣ ደግሞም፣ አያ ጅቦ ይስማ፣ ድፍርስነት ይገኙባቸዋል። ቁጥሩ ግን ብቻውን ዲዳ ነው። የት፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ በምን መስፈሪያ እንደተለካ ካልተጻፈ ከነገ ወዲያ ማንም አያምነውም። አንዱ በሚሊ ግራም፣ ሌላው በማይክሮ ግራም መዝግበው ሁለቱም መስፈሪያውን ሳይጽፉ ቢቀሩ አንድ ሺህ ጊዜ የሚበላለጥ ስሕተት ተወለደ ማለት ነው። የባክቴሪያ ናሙናማ በበረዶ ተይዞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ጠርሙሱ የሚናገረው ስለ ወንዙ ሳይሆን ስለ መኪናው መዘግየት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ባዶው ሳጥን ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምን ማለት ነው? አርሰኒክ ፈልገን አጣን ማለት ነው? መሣሪያችን ሊያየው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው? ወይስ ጭራሽ አልፈለግንም? "አልተገኘም" እና "አልተለካም" በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። በሕይወት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ግዴለሽ ጸሐፊ ባዶውን ሳጥን በዜሮ ሲሞላው፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ "ምንም የለም" የሚል መልስ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ይህን "የመረጃ አያያዝ" ይሉታል፤ ስሙ የቢሮ ስም ነው። እኔ በሐሰት ከመመስከር ለይቼ ማየት አቅቶኛል።

ናቫሆዎችን ውሰዱ። ከ1944 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ከምድራቸው ሠላሳ ሚሊዮን ቶን ያህል የዩራኒየም ማዕድን ወጥቷል፤ ከ500 በላይ የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች ቀርተዋል። በሐምሌ 1979 ቸርች ሮክ በሚባለው ቦታ ግድብ ተደርምሶ ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ ጨረር አመንጪ ፍሳሽ ወደ ፑኤርኮ ወንዝ ገባ። ብዙዎቹ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት፣ የቧንቧ ውሃ የሌላቸውም ራሳቸው የሚቀዱበት ጉድጓድ ዩራኒየም ወይም አርሰኒክ እንዳለበት የታወቀው ዘግይቶ ነው። እነዚያ ጉድጓዶች ለዓመታት መጥፎ ውጤት አልነበራቸውም፤ ለምን ቢሉ ውጤት የሚባል ነገር ራሱ አልነበራቸውም።

በነሐሴ 2015 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ የራሱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሠራተኞች ጎልድ ኪንግ የተባለ አሮጌ ማዕድን ሲነካኩ አሥራ አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል የተበከለ ውሃ አመለጣቸው። ወንዙ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ ወርዶ ወርዶም ናቫሆዎች ዘንድ ደረሰ። ኤጀንሲው ከጊዜ በኋላ ውሃው ወደ ቀድሞው ሁኔታው ተመልሷል አለ። የሺፕሮክ ገበሬዎች ግን ተሰብስበው የመስኖ ቦያቸው ተዘግቶ እንዲቆይ ወሰኑ። በቆሎአቸው እየደረቀ! ከሩቅ ሆኖ "ሳይንስ አላመኑም" ማለት ይቀላል። እስቲ እናንተ በነሱ ቦታ ሁኑ፤ ወንዙን ያደፈረሰውም፣ የለካውም፣ "ጠርቷል" ያለውም አንድ ቤት ነው። ገበሬዎቹ ያጡት የሚያምኑት ለኪ ነው፤ ቁጥርማ ሞልቶ ነበር።

"ታዲያ ጎሳው ራሱ ይለካ፣ ውጤቱንም ለዓለም ይዘርጋው" ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ውሃ እንደሆነ ወሰን አያውቅም፤ የላይኛው ሰው የደበቀው የታችኛውን ይገድላል። አሜሪካኖቹ ጎሳውም፣ ግዛቱም፣ ፌዴራሉም የለካውን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስቀምጡበትና ማንም ገብቶ የሚያይበት ትልቅ የመረጃ ጎተራ አላቸው። ግሩም ነገር ነው። ይሁንና ከጎተራው በር ላይ ቆመው የሚያመነቱ ጎሳዎች አሉ፤ ማመንታታቸው ደግሞ ምክንያት የሌለው አይደለም።

ሃቫሱፓይ የሚባሉት የግራንድ ካንየን ነዋሪዎች በ1990 ስለ ስኳር በሽታ ይጠናል ተብለው ደማቸውን ሰጡ። ቆይቶ ያው ደም ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር ሐረጋቸው ጥናት መዋሉን ሰሙ። በ2004 ከሰሱ፣ በ2010 በእርቅ አለቀ፤ የተረፈው ደምም ተመለሰላቸው። እርግጥ ደም ውሃ አይደለም። ነገር ግን ለአንዱ ጉዳይ የተሰጠ ጠርሙስ ለሌላ ጉዳይ ሊውል እንደሚችል አንድ ጊዜ የቀመሰ ሕዝብ ጠርሙስ ባየ ቁጥር ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የክላማት ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጎሳዎች ስለ ወንዝ ውሃ ድልድል ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የጻፉትን ሰነድ፣ በዚያው ውሃ ላይ የሚሻሟቸው የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር "ይታየን" ብሎ ከሰሰ። ሚኒስቴሩ የጎሳዎቹ አደራ ጠባቂ ስለሆነ ምስጢራቸውን መጠበቅ አለበት የሚል ክርክር ቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በአንድ ድምፅ፣ ሕጉ እንዲህ ያለ ከለላ አይሰጥም አለ። ፍርዱ በሕግ ዓይን ልክ ሊሆን ይችላል፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ትርጉሙ ግን ለአባትህ በጆሮው የነገርከው ነገር ባላጋራህ ከጠየቀ ይነበብለታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የተቀደሰ ምንጭ ያለበትን ቦታ እስከ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ጽፎ ወደ ጎተራው የሚልክ ማን ነው?

እንግዲህ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል እንዲህ እላለሁ። "ይህ ውሃ ያሳምማል" የሚል ቁጥር የማንም የግል ንብረት ሊሆን አይገባም፤ የጎሳውም ቢሆን። በዝምታው የሚታመም ሰው እስካለ ድረስ ምስጢር መሆኑ ያበቃል። ምንጩ የት እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚጸልይበት፣ ለምን እንደሚጠጣ ግን የባለቤቶቹ ነው። ኢስሌታዎች ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ እንጠመቅበታለን አሉ፣ የጥምቀቱን ሥርዓት ግን ዘርዝረው አልጻፉም። ቅደም ተከተልም አለው፤ ቁጥሩ ከሁሉ በፊት መድረስ ያለበት ለሚጠጣው ሰው ነው፣ ከዚያ ከሱ በታች ላለው፣ ከዚያ ለመንግሥት፣ ተመራማሪው ከሁሉ በኋላ። በተግባር የማየው የተገላቢጦሹን ነው።

ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድም አያስፈልግም። በስምጥ ሸለቆአችን የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፤ በወንጂ፣ በዝዋይና በሌሎችም ቦታዎች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጉድጓድ ብዙ ነው። ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ያደነድናል፣ ወገብ ያጎብጣል። የተሰወረ ነገር አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት ተጠንቷል፣ ተጽፏል፣ ተመርቆበታል። ከዚያ አካባቢ የመጣች አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ስትስቅ በመዳፏ አፏን ትሸፍን ነበር። ጥርሷ ለምን እንደበለዘ ያወቀችው እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ስታገላብጥ ነው። የሰፈሯ ስም በሠንጠረዡ ላይ አለ። ጎረቤቶቿ ግን ጠርሙስ የያዘ ሰው መጥቶ መሄዱን እንጂ መልስ ይዞ መመለሱን አያስታውሱም።

ይህን ለአንድ የውሃ መሐንዲስ ወዳጄ ሳጫውተው፣ "አማራጭ ሳትሰጠው 'ውሃህ መርዝ ነው' ብትለው ምን ይጠቅመዋል? ሕዝቡን ማስደንገጥ ብቻ ነው" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በጉድጓድ ቁፋሮ የጨረሰ። ክርክሩም ከባድ ነው፤ መፍትሔ የሌለው እውነት ጭካኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን መፍትሔ የለም ብሎ የወሰነው ማን ነው? እናት ምን ታደርጋለች? ውሃ አፍልተሽ አጠጪ ተብላለች፣ ታፈላለች። ማፍላት ለተዋስያን ፍቱን ነው፤ ፍሎራይዱን ግን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ያከማቸዋል። በሌላ በኩል ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ብታውቅ፣ ማንም ሌላ ጉድጓድ ባይቆፍርላት እንኳ፣ በክረምት ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ያጠራቀመችውን በርሜል ለልብስ አታውለውም። ከድና ታስቀምጠውና ለትንሿ ልጅ ብቻ እየቀነሰች ታፈላላታለች፤ ትልልቆቹ ከጉድጓዱ ይጠጣሉ።