ስለ ትቢያና ስለ ጭረት

ሰው በእጁ ለያዘው ዕቃ ግዴታ አለበትን? ወይስ ግዴታ የሚኖርበት ለሰው ብቻ ነው? ብዙዎች ይህን ጥያቄ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ዕቃ ሕሊና የለውም፤ ቢሰበር አያለቅስም፤ ቢረሳም አይቀየምም ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዕቃዎች መካከል የሰውን ድምፅ ተሸክመው የሚኖሩ አሉ። እነዚህን የያዘ ሰው ከዕቃው ጋር አደራም ይዟል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ምሳሌ የማደርገው የሙዚቃ ሸክላን ነው።

ዛሬ ዘፈን ሁሉ በእጅ ስልክ ስለሚገኝ ወጣቱ ሸክላን የሚያየው ምናልባት በአያቱ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነው። ስለዚህ አሠራሩን በአጭሩ ልናገር። በሸክላው ገጽ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ አንድ ፈር ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መካከል ይገባል። የፈሩ ግድግዳ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ወዲያና ወዲህ የተጣመመ ነው። መርፌው በፈሩ ውስጥ ሲጓዝ ይወዛወዛል፤ መወዛወዙም ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሲሆኑ፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠሩ ስለ ነበሩ ሲወድቁ እንደ ገል ይሰባበሩ ነበር። ኋላ የመጡት፣ 45 ወይም 33 ጊዜ የሚዞሩት፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ስማቸው ግን ያው ሸክላ ሆኖ ቀረ።

ድምፅን በአደራ መያዝ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከሰም በተሠራ ቱቦ ላይ ድምፃቸውን አስቀድተው በመልእክተኛው በሐሪንግተን እጅ ለአፄ ምኒልክ ላኩ። ነገር ግን መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ቱቦው እንዲጠፋ ስላዘዙ እንደ ፈቃዳቸው ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን ሰጡ፤ የእነርሱ ድምፅ ተጠብቆ ስለ ቆየ መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይሰማል። በየካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አፄ ምኒልክ በሰጡት መሬት ላይ በሚገኘው በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ሥራ ትክክል ነው። አደራ ማለት የባለቤቱን ፈቃድ መፈጸም ነውና፣ ይጥፋ ያለው ቢጠፋ የሚወቀስ የለም። ይጥፋ ብሎ ያላዘዘ ሰው ድምፅ በቸልተኝነት ሲጠፋ ግን የተፈጸመው የማን ፈቃድ ነው?

በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ ገና በወጣትነታቸው ደፍረው የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ። የእነ አለማየሁ እሸቴና የእነ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ በዚህ ኩባንያ ስም ታተመ። ከ1974 እ.ኤ.አ. ለውጥ በኋላ ሸክላው ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ እትም በፈረንሳይ ሀገር መውጣት ሲጀምር ዓለም የዚያን ዘመን ዘፈኖች እንደ አዲስ አደነቀ። ዓለም ሊያደንቅ የቻለው ግን አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ጠብቆ ስላቆየለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በየካ፣ እኛ በምንኖርበት አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ አባታቸውን ከቀበሩ በኋላ ንብረት ተካፈሉ። ሌላው ሁሉ በስምምነት ተከፍሎ ሲያበቃ፣ በዕቃ ቤት ጥግ የነበረ አንድ ሣጥን ሸክላ የሚወስደው አጣ። ልጆቹ አንዱን አንሥተው ቢያጫውቱት ከመንጫጫት በቀር ምንም ስላልተሰማ፣ «ይህማ ሞቷል፤ ለቆራሌው ይሰጥ» አሉ። እናታቸው ግን ወደ እኔ ልከው፣ «እስቲ ልጄ፣ አንተ ትንሽ ታውቅበታለህና እየው፤ ሞቶም እንደ ሆነ ሞቷል በለኝ» አሉኝ።

ሸክላዎቹ የበጋው አቧራና የክረምቱ እርጥበት ለብዙ ዓመት ሲፈራረቁባቸው የኖሩ ናቸው። በመጀመሪያ ዳሩንና መካከሉን ብቻ እየያዝሁ ትቢያውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። ቀጥሎም ዲስትልድ በሚባለው የተጣራ ውሃ ላይ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ጨምሬ፣ በመካከል የተለጠፈው ወረቀት እንዳይርስ እየተጠነቀቅሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ፈሩን ተከትዬ አጠብሁ። ፈሩን አቋርጦ የሚያሽ ሰው የሚያጸዳ እየመሰለው ይጭራል። ባለ 78ቱን አልኮል አላስነካሁትም፤ ሙጫውን ያሟሟዋልና። በሌላ ንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ከፀሐይ ርቆ በጥላ ቆሞ እንዲደርቅ አደረግሁ። ሥራው ሦስት ምሽት ፈጀ። አብዛኞቹ ዳኑ። ሞቷል የተባለውም ሸክላ ሳይታጠብ የኖረ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እናትየው ከሁሉ አብልጠው ሊሰሙት የፈለጉት አንድ ሸክላ ግን አልዳነም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዘወትር የሚያጫውቱት እሱን ስለ ነበረ፣ የደነዘዘ መርፌ ከነትቢያው ተመላልሶበት የፈሩ ግድግዳ ተበልቷል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሱንም ከሌሎቹ ጋር አስቀምጥልኝ» አሉ። ትልቁ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ የማይሰማው ምን ያደርግልሻል?» ቢላቸው፣ «የሱ እጅ የነካው ነው» ብለው መለሱለት። ለቆራሌው ይሰጥ ያሉት ልጆች በዚያው ምሽት ሸክላዎቹን ማን ይውሰድ እያሉ መከራከር ጀመሩ፤ እናትየው ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከቤቴ አይወጡም አሉ።

ከዚህ ነገር የተማርሁትን ልናገር። በሸክላ ላይ ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ። አንዱ ትቢያ ነው፤ ሁለተኛው ጭረት ነው። ለጆሮ ሁለቱም ይንጫጫሉ፤ ትቢያ ግን ይታጠባል፤ ጭረት አይታጠብም። ስለዚህ ሳያጥቡ የሚፈርዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ በሕያው ላይ የሞት ፍርድ ይፈርዳሉ። በሰውም ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። አንድ ልጅ በክፉ ባልንጀራ፣ በችግር ወይም በስንፍና የቆሸሸ እንደ ሆነ፣ ተበላሽቷል ብለን እንጥለዋለን። ቆሻሻው ከላይ የተጣለበት መሆኑን፣ ከሥሩም ድምፁ እንዳለ የሚመረምር ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ትቢያ ራሱ ጭረት መሆን መቻሉ ነው። በቆሸሸ ሸክላ ላይ መርፌው በሄደ ቁጥር አሸዋው የፈሩን ግድግዳ እየፋቀ ይቆርጠዋል። ዛሬ በጨርቅ የሚነሣው ነገር ከጊዜ በኋላ በምንም አይነሣም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አልነበረም። መጥፎ ልማድም ሆነ በወንድማማች መካከል ያለ ቂም እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ወር አንድ ቃል የሚያጥበውን፣ በአሥረኛው ዓመት ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ አያነሣውም።

ደግሞም ጉድለቱ ሁልጊዜ ከሸክላው አይደለም። የደነዘዘ መርፌ ደኅናውን ሸክላ መጥፎ ያስመስለዋል፤ ከዚያም አልፎ በእውነት ያበላሸዋል። እንግዲህ በሌላው ላይ ለመፍረድ የተነሣ ሰው አስቀድሞ መርፌውን ይመልከት። የታጠበውንም ሸክላ ወደ አሮጌው የቆሸሸ ሽፋን የሚመልስ ድካሙን በከንቱ ያፈሳል፤ የተመከረ ልጅ ወደ ቀድሞ ባልንጀሮቹ ሲመለስ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ምናልባት አንዳንዱ፣ ዘፈኑ በስልክ ከተቀዳ ሸክላው ለምን ይጠቅማል ይለኛል። ቅጂው ለጆሮ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ከቅጂው ላይ የጎደለውን ወይም የተሳሳተውን የምናርመው ወደ ዋናው ተመልሰን ነው። ሌላው ደግሞ፣ እንግዲያው ቆልፌ ላስቀምጠው ይላል። እንዲህ ያለውም ተሳስቷል። መርፌ ባለፈበት ቁጥር ሸክላው በጥቂት በጥቂቱ ያልቃል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተሠራው ሊሰማ ነውና፣ ከቶ የማይሰማ ሸክላ ከተሰበረው በምን ይለያል? መልካም ጠባቂ ማለት ንጹሕ አድርጎ፣ በደኅና መርፌ፣ በልክ የሚያሰማ፣ ከዚያም ወደ ሽፋኑ መልሶ አቁሞ የሚያስቀምጥ ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ጥግ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖር፣ ሞቷል ከማለትህ በፊት እጅህን ታጥበህ አንዱን አውጣ። ዳሩን ያዝ፤ ፈሩን ተከተል፤ አትቸኩል። ባለቤቱ በሕይወት ካሉም ሣጥኑን ከመክፈትህ አስቀድመህ፣ የትኛውን መስማት እንደሚወዱ ጠይቃቸው።