በጥልቁ ውስጥ የተሠራ ማዕድ

በደቡብ ወሎ ምዕራብ ያለችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ ጥልቀት ምን እንደ ሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። ይህንኑ ከፍታ ወደ ባሕር ውስጥ ገልብጠን ብናስበው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ተመራማሪዎች «አልቪን» በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ወደ ወረዱበት ስፍራ እንደርሳለን። በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ፥ 2,500 ሜትር ያህል ጠልቀው፥ ከባሕሩ ወለል የሞቀ ውሃ ሲፈልቅ አዩ።

በዚያ ጥልቅ የፀሐይ ብርሃን አይደርስም፥ ሣርም አይበቅልም። ከዓለቱ ስንጥቅ የሚወጣው ውሃ ዲን ያለበት ነው፤ ከእንዲህ ያሉ ምንጮችም ሙቀታቸው ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ አሉ። እሳትና ዲን የቍጣ ምልክት ሆነው ስናነብ ለኖርን ለእኛ፥ በዚያ ሕይወት አለ ቢሉን ማን ያምናል? ነገር ግን ለዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከዚያው ዲን ኃይል እየወሰዱ ምግብ ይሠራሉ። ከምንጩ አፍ ፈንጠር ብሎ በሚገኘው ደለል ውስጥም እነዚህን ተሕዋስያን የሚመገቡ ጥቃቅን ትሎች ይኖራሉ፤ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ቢነፉ ከዱቄት ጋር ያልፋሉ።

ሰው ሳያያቸው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እነዚህን ማን መገባቸው? ዮናስን ያስተማረ አምላክ ታላቁን ዓሣ ብቻ አላዘዘም፤ ቅሉን እንዲመታ ትንሹንም ትል አዘዘ እንጂ (ዮናስ 4፥7)። በእርሱ ፊት የተረሳ ታናሽ የለም።

ይህን ለመማር እስከ ሩቅ ባሕር መሄድ አያሻንም። በዚያው በቦረና ምድር የጋስጫው የአባ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት እኒህ አባት፥ ገድላቸው እንደሚነግረን፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማሩ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው እህል በመፍጨት ያገለግሉ ነበር። እግዚአብሔር በእመቤታችን አማላጅነት በወፍጮው አጠገብ ጎበኛቸው። ዱቄቱን ያየ ሁሉ ግን ሊቁን አላየም።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጃችን ሲቆም፥ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለን ባዶ እጁን የሰደድንበት ቀን የለምን? አለ እንጂ! እንቢታችንን ምርቃት አስመስለን በእግዚአብሔር ስም ሸፈንነው። እግዚአብሔር ለትሉ መጋቢ አድርጎ ያቆመው ረቂቁን ተሕዋስ ነው፤ ለተማሪው መጋቢ አድርጎ ያቆመው ግን እኛን ነው። ተሕዋሱ በጨለማ፥ በዲን መካከል ሆኖ የታዘዘውን ይፈጽማል። ፀሐይና ዝናም የተሰጠን እኛ፥ ከሞሰባችን አንዲት ቍራሽ ብንከለክል ምን መልስ እንሰጣለን?

ስለዚህ ነገ ያ ድምፅ ከደጃችን ሲሰማ፥ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ከማለታችን በፊት እርሱ አስቀድሞ በእጃችን ያኖረውን እንስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።