በረዶ የመታው ማሳና በባልንጀራ ላይ መፍረድ

ምእመናን ሆይ፤

ለባሕር ዳር ከተማ ቅርብ በሆነው በሰባታሚትና በጣና ዳር ባሉት የገበሬ መንደሮች፥ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ጧት ብሩህ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፤ ነፋስ ይነሣል፤ መብረቅ ይባርቃል፤ በረዶም ይወርዳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የበቆሎው ቅጠል ይተለተላል፤ ዳጉሳው ይተኛል፤ ጤፉም ከጭቃ ይደባለቃል። በየቤቱ ያለው ሰው እግዚኦ እያለ ይማልዳል።

በዚያች ሰዓት የሚደረገው ጸሎት መልካም ነው። እኛን የሚያሳዝነን ግን ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የሚነገረው ቃል ነው። ሰው ማሳውን አይቶ ሲመለስ፥ «ይህን ያመጣብን አያ እገሌ ነው፤ በዓል ሽሮ ሲያርም ታይቷል» ይላል። ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። የተጠረጠረው ሰው ከጽዋ ማኅበር ይገለላል። ተከሳሿ ረዳት የሌላት መበለት ስትሆንማ ኀዘኑ ይብሳል፤ ሰብሏን በረዶ፥ ስሟን ጎረቤት ይወስደዋልና።

«በግብፅ ላይ በረዶ የወረደው ስለ ኃጢአት አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ በዚያው በኦሪት ዘፀአት በ9ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በዚያ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሙሴን ልኮ አስጠንቅቋል፤ ቃሉን የፈራ ሁሉ አገልጋዮቹንና ከብቶቹን ወደ ቤት አስገብቷል። ነቢይ ባልተላከበት አገር ግን የበረዶውን ምክንያት በባልንጀራው ላይ የሚጥል ሰው፥ ያልተሰጠውን የፈራጅነት ሥልጣን ይወስዳል። የኢዮብ ወዳጆች ልጆቹን በዐውሎ ነፋስ ያጣውን ጻድቅ እንደ በደለኛ በመቍጠራቸው ተገሠጹ። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፥ የንስሐውን ነገር ወደ ሰሚዎቹ መልሶታል።

በረዶ የሚሆነው ብርቱ ነፋስ የደመናውን ውኃ ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ አንሥቶ ሲያረጋው ነው፤ ነፋሱ ሊሸከመው እስኪያቅተው ድረስ ያድግና ይወርዳል። ይህን ሥርዐት የሠራም ያው ፈጣሪ ስለሆነ፥ ነገሩን ማወቅ ሃይማኖትን አይነካም። በረዶ የካህኑንም የመበለቲቱንም ማሳ ሳይለይ ይመታል። «በረዶ እመልሳለሁ» ብሎ ከገበሬው እህልና ገንዘብ የሚቀበለውም የእግዚአብሔርን ፈንታ ይሸጣል።

እንግዲህ በዓል ማክበር አይገባምን? ይገባል እንጂ! ነገር ግን በዓል የሚከበረው ከፍቅር የተነሣ ነው እንጂ በረዶን በመፍራት አይደለም። በዓልን አክብሮ ባልንጀራውን የሚያማ ሰው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያፈርሳል።

ስለዚህ ከማዕበል በኋላ የሚገባን ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ኃጢአት ንስሐ ይግባ። በሬ ያለው በሬውን፥ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዞ በደቦ ወደተመታው ማሳ ይውጣ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፥ ክረምቱ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል፤ ዘር ያለው ለሌለው ያበድር፤ መበለቲቱንም ያስቀድም። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ በአንድነት እንጸልያለን፤ በአንድነት የለመንን እኛ ጉዳቱንም በአንድነት እንሸከመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።